የሦስተኛውን ምሰሶ ግርጌ የጠየቁት የምክር ቤት አባል

አባታችን ከአናጺ አባታቸውና ከቤት እመቤት እናታቸው፣ ዛሬ አስከሬናቸው በሚያርፍባት በዚህች መንደር ተወለዱ። ከእሳቸው በፊት የተወለዱት ልጆች በሕፃንነታቸው ስላረፉ ያደጉት ያለ እህትና ወንድም ነው። እናታቸው «ብቻዬ» ይሏቸው ነበር። ስሙ ጎረቤት ዘንድ ጸንቶ ቀረና ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላም እኩዮቻቸው «ብቻዬ መጣ» ሲሉ እንሰማ ነበር።

ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና ወደ ዋናው ከተማ የሚወስደው መንገድ ያኔም እንደ ዛሬው ከወንዙ ባሻገር ነበሩ። በበጋ ወንዙን በእግራቸው እየተሻገሩ ተማሩ። ዝናቡ ጠንክሮ ውሃው ሲሞላ ግን ወዲያ ማዶ አክስታቸው ቤት ይቀሩ ነበር። ሲመሽ ከአክስታቸው ደጃፍ ሆነው የእናታቸውን መብራት ከሌላው ቤት መብራት ለይተው ያውቁ እንደነበር ነግረውናል።

ከዚያም በግብርና ኮሌጅ ተምረው በዲፕሎማ ተመረቁ፤ በሃያ ሁለት ዓመታቸውም በአካባቢው የግብርና ጽሕፈት ቤት የዘር ጥራት መርማሪ ሆነው ተቀጠሩ። ሥራቸው ዘሩ ለገበሬ ከመከፋፈሉ በፊት መብቀል አለመብቀሉን ማረጋገጥ ነበር። ከጆንያው ዘር ወስደው በእርጥብ ጨርቅ ላይ ይደረድራሉ፤ ጨርቁን ጠቅልለው ሞቅ ያለ ቦታ ያኖሩታል፤ ከቀናት በኋላ ፈትተው የበቀለውን ካልበቀለው ይለያሉ። ሌሎቹ ከጆንያው አፍ ዘግነው ሲበቃቸው፣ አባታችን ጆንያው ተራግፎ ከግርጌው ካልወሰዱ አይፈርሙም። እርጥበቱም ነቀዙም የሚቀመጠው ከታች ነው ባይ ነበሩ። የመጋዘኑ ተሸካሚዎች ከሩቅ ሲያዩዋቸው «መጡላችሁ! ዛሬ ወገባችን አለቀ» ይባባላሉ።

እናታችንን ያገኙት በዚሁ ሥራ ነው። እናታችን ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የጽሕፈት ቤቱ የናሙና ከረጢቶች ሲቀደዱ የሚጠገኑት እሳቸው ዘንድ ነበር። አባታችን ከረጢት ይዘው መመላለስ ሲያበዙ እናታችን በመጨረሻ «አንተ ሰውዬ፣ አይጥ ቀጥረህ ነው እንዴ የምታስቀድደው?» ብለው ጠየቋቸው። አባታችን መልሱን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልነገሩንም። በሃያ ስድስት ዓመታቸው ተጋቡ፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጆችም ወለዱ።

በአርባ አንድ ዓመታቸው የአካባቢው ሕዝብ የምክር ቤት አባል አድርጎ መረጣቸው፤ በተከታታይ ምርጫዎችም ለሦስት የሥራ ዘመን አገለገሉ። እናታችን ቤቱንና ስፌታቸውን ትተው ወደ ዋናው ከተማ ለመሄድ ስላልፈለጉ አባታችን እዚያ የኖሩት ብቻቸውን ነው። የተከራዩት ክፍል አንድ አልጋ፣ ግድግዳ የተጠጋ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ያላት፣ መስኮቷ ከጎረቤት የውሃ ታንከር ጋር የተፋጠጠ ነበረች። በሩ ጀርባ ላይ በሚስማር የተሰቀለው ሙሉ ልብስ ወደ ውስጥ የገባውን ሰው ቆሞ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። አከራያቸው የነበሩት ሴት ትናንት ማታ ለለቅሶ መጥተው እንዳጫወቱን፣ አባታችን በማግስቱ በስብሰባ የሚያቀርቡትን ጥያቄ ጮክ ብለው ይለማመዱ ነበር። «እኔ ደግሞ እንግዳ ያላቸው መስሎኝ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዤ ገባሁ» አሉን። «አፍረው ሁለቱንም ጠጡት።»

በምክር ቤቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሚናገሩት አጭር ነበር፤ የተፈቀደላቸው ደቂቃ ሳያልቅ ይቀመጣሉ። የዘር ጥራት ረቂቅ ሕግ ለውይይት ሲቀርብ ናሙና ከጆንያው አፍና መሐል ብቻ ሳይሆን ከግርጌውም እንዲወሰድ የሚያዝ ሐረግ እንዲጨመር ጠየቁ። አዳራሹ ሳቀ፤ ሐረጉ ግን ገባ፤ ዛሬም በሕጉ ውስጥ ይገኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምክር ቤቱ ሰው «ጋሽ ግርጌ» አላቸው።

ዋናው ሥራቸው ግን የመንግሥት ግንባታዎችን በሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ነበር። ሪፖርት ይዞ ለሚቀርብ ኃላፊ ሁሉ የሚያነሱት አንድ ጥያቄ ነበራቸው፦ «በዓይኑ ያየው ማን ነው?» አንድ ጊዜ በሪፖርት «አገልግሎት እየሰጠ ነው» የተባለ የውሃ ፓምፕ ላይ ይህንኑ ጠየቁ። ኃላፊው በልበ ሙሉነት የፓምፑን ጥበቃ በስልክ ጠርተው ድምፁን ለሁሉም ከፈቱት። ጥበቃው «ኧረ ጌታዬ፣ ምን ውሃ ይላሉ! ዶሮ ፈልፍላበታለች» አለ። ያን ቀን ከሳቁት ውስጥ ግን አብዛኞቹ ሪፖርቱን ደግፈው እጃቸውን አወጡ። በቃለ ጉባኤዎቹ ውስጥ «በአንድ ተቃውሞ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ደጋግሞ ይገኛል። አጠገባቸው ይቀመጡ የነበሩት አባል እንግዳ ሲመጣ «ያ አንድ የሚሉት እኚህ ናቸው» እያሉ ያስተዋውቋቸው ነበር። አባታችንም አብረው ይስቃሉ። ለምሳ ሲወጡ ግን ብቻቸውን ነበር የሚበሉት፤ ጠዋት በጥያቄ ያፋጠጡት ሰው ቀትር ላይ ምሳ ሊጋብዛቸው አይመጣም።

በሦስተኛው የሥራ ዘመናቸው የዚህ ወንዝ ድልድይ ግንባታ ተጀመረ። ድልድዩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የለመኑት እሳቸው ነበሩ። አራቱም ምሰሶዎች ቆመው፣ ከዝናቡ በፊት ለእግረኛ ይከፈታል ተብሎ ሲጠበቅ የሥራው ሪፖርት ለኮሚቴው ቀረበ። መሠረቶቹ ሁሉ አለት ላይ እንዳረፉ ተገለጸ። አባታችን የተለመደውን ጥያቄ አነሱ።

ሰብሳቢው «ጋሽ ግርጌ፣ የራስዎ አገር ድልድይ እኮ ነው! የሌላ ሰው ቢሆን ይሁን» አሉ።

አባታችን «የሚሻገሩበት የእኔ ሰዎች አይደሉ? ለዚያ ነው የምጠይቀው» ብለው መለሱ።

ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ወጣት ነበር። የአንደኛው፣ የሁለተኛውና የአራተኛው መሠረት ሲቆፈር ቆሞ ማየቱን ተናገረ። ቀጥሎም «ሦስተኛውን አላየሁም» አለ። «ደራሽ ውሃ ጉድጓዱን ሞላው። እኔ በሌለሁበት ውሃውን አውጥተው ኮንክሪት ሞሉት። አለት ላይ ደርሰናል ብለውኛል።»

ምሰሶው ሊመረመር የሚችለው ውሃው ሲጎድል ብቻ ነበር፤ ይህም ማለት ዝናቡ እስኪያልፍ ሥራውን ማቆም ነው። ግማሹ የኮሚቴ አባል ይቀጥል፣ ግማሹ ይቁም አለ። ድምፁ እኩል ለእኩል ሆነና የአባታችን እጅ ብቻ ቀረ። አባታችን ሥራው እንዲቆም እጃቸውን አወጡ። በዚያ ኮሚቴ ውስጥ በቆዩባቸው ዓመታት ሁሉ በድምፅ ሲያሸንፉ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

በዚያው የዝናብ ወቅት እናታችንን ድንገተኛ የሆድ ሕመም ያዛቸው። ጎረቤቶቻችን በቃሬዛ እስከ ወንዙ ዳር አወረዷቸው። ውሃው ጀልባ የሚያስገባ አልነበረም። ይጎድል እንደሆነ ጠበቁ፤ መልሰው ወደ ቤት አወጧቸው፤ በማግስቱም እንደገና አወረዷቸው። ጤና ጣቢያው ከማዶ ይታያል። እናታችን እዚያው ወንዙ ዳር፣ ያላለቀው ድልድይ አጠገብ አረፉ።

አባታችን መርዶውን ሰምተው ከዋናው ከተማ በተገኘው መኪና ገሠገሡ። መንገዱ ግን ወንዙ ዳር ደርሶ ያበቃል። ቀብሩ ሊቆይላቸው አልቻለም። እኛ ልጆቻቸው ወዲህ ማዶ መቃብሩ አጠገብ፣ እሳቸው ወዲያ ማዶ የመጀመሪያው ምሰሶ ሥር ሆነን እናታችን ተቀበሩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በዝናብ ውስጥ እንደ ቆሙ ይታዩን ነበር። የውሃው ድምፅ ስለሚያይል ብንጣራም አይሰሙንም። ሰዉ ሁሉ ከተበተነ በኋላም ከዚያ አልተንቀሳቀሱም።

ዝናቡ አልፎ ምርመራው ሲካሄድ የሦስተኛው ምሰሶ መሠረት አለት ላይ ሳይሆን አሸዋ ላይ ተገኘ፤ ፈርሶም እንደ አዲስ ተሠራ። ይህ ለአባታችን ማጽናኛ ይሆናል ብለን ነበር፤ አልሆነም። በሚቀጥለው ምርጫ የአካባቢው ሰው ድምፁን ነፈጋቸው። ገበያ ሲወጡ ሰው ሰላምታ ይሰጣቸዋል፤ ይቀመጡም ዘንድ ቦታ ይለቅላቸዋል፤ አጠገባቸው ግን የሚቀመጥ የለም። አንድ ጋሪ ነጂ «ክቡርነትዎ፣ አለቱን አገኙት?» እያለ በአጠገባቸው ያልፍ ነበር። አባታችን «አዎን፣ ተገኘ» ብለው ይመልሱለታል። ታላቅ ወንድማችንም ለብዙ ዓመት ከሩቅ ሰላም ከማለት አላለፈም።

በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ሲናገሩ ሰምተናል። «ዛሬም ቢሆን ያንኑ እጅ አወጣለሁ» አሉ። «ያን ሁሉ ሰው ስጠይቅ ኖሬ፣ እሷን ግን አልጠየቅኋትም።»

ድልድዩ ሲመረቅ የክብር እንግዶች ከላይ ሲሻገሩ አባታችን በቁልቁለቱ ወርደው ከሥር ሆነው ያዩት ነበር። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ዝናቡ ሲያበቃና ውሃው ሲጎድል ብትራቸውን ይዘው ይወርዳሉ። ውሃው የሦስተኛውን ምሰሶ ግርጌ ሸርሽሮት እንደሆነ እየዞሩ ያያሉ፤ በብትራቸው ይነካካሉ፤ ከዚያም ወደ እናታችን መቃብር ወጥተው ጥቂት ተቀምጠው ይመለሳሉ። ከድልድዩ ላይ የሚያልፍ ሰው ቁልቁል እያየ «ዛሬም አላመኑትም» ይል ነበር። ምሰሶውን እንዲያይ የታዘዘ ሌላ ሰው ይኑር አይኑር አናውቅም፤ አብሯቸው የወረደ ግን አልነበረም።

ከሦስት ዓመት ወዲህ የልብ ድካም ስለጠናባቸው ወዲያ ማዶ ታላቅ እህታችን ቤት ተቀመጡ። ባለፈው ዓመት ዝናቡ ሲያበቃ ብትራቸውን አስመጥተው ከአልጋቸው ለመነሣት ሞከሩ፤ አልቻሉም። ታላቅ ወንድማችን ነገሩን ሰምቶ መጣ፤ አዝሏቸው እስከ ምሰሶው ሥር ወረደ። እዚያ ምን እንደተባባሉ አልነገሩንም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ግን አባታችንን ያጥብ የነበረው ወንድማችን ነው።

አባታችን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ትናንት ንጋት ላይ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሦስት ልጆችና ሰባት የልጅ ልጆች ትተዋል። በተናዘዙት መሠረት አስከሬናቸው በድልድዩ ላይ አልፎ እዚህ ከእናታችን ጎን ያርፋል።

ቤተሰቡ አንድ ነገር ይለምናችኋል። የዘንድሮው ዝናብ ቆሟል፤ ውሃውም ጎድሏል። ሦስተኛውን ምሰሶ ግን እስካሁን ያየው ሰው የለም። ከቀብር መልስ ታላቅ ወንድማችን የአባታችንን ብትር ይዞ ወደ ወንዙ ይወርዳል። እግሩ የሚችል ሁሉ አብሮት ቢወርድ፣ እሳቸው በየዓመቱ ብቻቸውን ያዩትን ግርጌ ዛሬ አብረን አይተን እንለያያለን።

ለመጨረሻ ጊዜ ለመሸኘት ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁትን ሁሉ እናመሰግናለን። ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ ከእናታችን ነፍስ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ከእንግዲህ ወዲያም በመካከላቸው ወንዝ አይኑር። አሜን።