ብርድ ያልነው ውጋት

ልጄ ኤቢሴ፣ እመብርሃን በሰው አገር ከለላ ትሁንሽ። የታናሽ ወንድምሽን የያደታን አርባ አወጣን፤ የወንጂዋ አክስትሽም መጥታ አብራኝ አደረች። ጓሮ ያለው ዳማከሴ ለምልሟል፤ እጄ ግን አይነካውም። ኳስ ሲጫወት ደረቱን ሲወጋው ብርድ ነው ብለን ያንኑ ጨምቀን አጠጣነው፤ ሮጦ ራሱን ሲስት ደግሞ የአዳማ ፀሐይ ነው አልን። ከቀብሩ በኋላ ሐኪሙ፣ «ሲሮጥ ደረቱን የሚወጋውና የሚወድቅ ልጅ ልቡ ቶሎ መታየት ነበረበት፤ በዘር የሚመጣም ስላለ እህቱ ትመርመር» አለኝ።

እባክሽ የኔ እናት፣ ማዳምሽን አስፈቅደሽ ልብሽን ተመርመሪ። የእሱን ዕድሜ ላንቺ ይጨምርልሽ። ስትደውዪ ግን «ደህና ነኝ» ብቻ አትበይኝ፤ እሱም በመጨረሻው ቀን ኳሱን ይዞ ሲወጣ ያለኝ ይህንኑ ነው።

እናትሽ ዘርፉ