ቅሪ ያላለችኝ አለቃ

ሰኞ፣ ነሐሴ 26
ሙቀቱ አያስተነፍስም። ባሮ ሞልቶ ደፍርሷል፤ የከተማው የውኃ ፓምፕ አሸዋ እየሳበ ያቃስታል። መካኒኩ ኦቻንግ ይፈታል፣ እኔ ዳር ቆሜ መፍቻ አቀብላለሁ። አራት ዓመት ኤሌክትሪሻን ተብዬ… የባሕር ዳር ዝውውሬ እስኪመጣ ቀን መግፋት ነው። ይመጣ ይሆን?

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28
አዲሷ የጥገና ኃላፊያችን አኬሎ መፍቻውን ከእጄ ወሰደችና፣ "ሞተሩን አንቺ ፍቺ" አለችኝ። ኦቻንግ ፊቱን ጣለ።
"እኔ?"
"ኤሌክትሪሻን አንቺ አይደለሽም?"
ምን አስባ ነው? ሰው ፊት ልታዋርደኝ?

ሐሙስ፣ ነሐሴ 29
አበላሸሁት። ሁለት ገመድ አቀያይሬ ገጥሜ ሞተሩ በተቃራኒው ዞረ። ግማሽ ከተማ ውኃ አጥቶ ዋለ። ሥራ አስኪያጁ ጠሩን። "ማነው ይህን የሠራው?" አኬሎ ቀደመችኝ። "ያዘዝኩ እኔ ነኝ። ሳልፈትሽ አስነሳሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"
ወጥተን ይቅርታ ልላት ስል፣ "ነገም አንቺ ትሠሪያለሽ። ሳናስነሳ አብረን እናያለን" ብላኝ ሄደች። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር!

ዓርብ፣ ነሐሴ 30
ዞረ! በትክክል ዞረ!

መስከረም 19
ሰሞኑን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ሳይነጋ ፓምፕ ቤት እገኛለሁ። ምን ነካኝ? አኬሎ የኢታንግ ወረዳውን የውኃ ፓምፕ ጥገና ልትሰጠኝ ነው። "ቡድኑን አንቺ ትመሪያለሽ። ከከበደሽ ደውዪ።" ኦቻንግም በእኔ ሥር… ያኮርፍ ይሆን?

መስከረም 28
ዝውውሩ መጣ። ባሕር ዳር ያለችው እናቴ በስልክ እልል አለች። እኔ ግን ደስ አላለኝም። አኬሎ ዓይኗን ሳታሽ ፈረመችልኝ፤ አናደደችኝ።
"አንዴ እንኳ ቅሪ አትይኝም?"
"ካልኩሽ ለእኔ ብለሽ ትቀሪያለሽ። ኋላ ትወቅሺኛለሽ። ባሕር ዳርም ሞተር አለ፤ አሁን ትችያለሽ።"


መስከረም 30
ሻንጣ ስሸክፍ፣ ስፈታ ዋልኩ። የኢታንጉን ሥራ ሳልነካው ልሂድ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 3
ኢታንግ ነኝ። ዝውውሩን አልተቀበልኩም። ጠዋት ለእናቴ ስነግራት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። አልፈርድባትም፤ ስንት ዘመን "መጣሁ" እያልኩ አታለልኳት። ተሳስቼ ይሆን? ቀኑን ሙሉ እጄ ሥራ ላይ፣ ልቤ እሷ ጋ።
አመሻሽ ላይ ፓምፑ ተነሥቶ ውኃው ሰፈር ደረሰ። ሊቀዱ የመጡ ሴቶች ኃላፊው ማነው ብለው ጠየቁ። ኦቻንግ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። ደስ አለኝ፣ አፈርኩም።
እናቴ ጋ ደግሜ ደወልኩ። አነሳች።
"እዚያ በረሃ ምን አለሽ?"
"ሥራ አለኝ፣ እማ።"
አሁን ግን ስልኩን አልዘጋችብኝም።