አገሬን ስለወሰደው አውሬ

ለተከበሩ አቶ ኢያቄም፣
የሰፈራችን እድር ሰብሳቢና የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፣
ላሊበላ

ከሁሉ አስቀድሜ ከመንገዱ ማዶ፣ ከስፌት መኪናዬ ፊት እንደተቀመጥኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ዓይኔ ብቻ ቀኑን ሙሉ በእርስዎ በረንዳ ላይ እየዋለ ደክሟል። ይህን ደብዳቤ በእድሩ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩትም እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ በረንዳዎ በልጆች ተሞልቶ መግቢያ ስላጣሁ ነው።

ለልጆችዎ ከአዲስ አበባ ያስመጡት በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሮኒክ ጨዋታ፣ ያ በመስታወቱ ውስጥ በየጫካው ጉደኛ አውሬ እያደኑ የሚሰበስቡበትና የሚያዋጉበት፣ ለሰፈራችን ስላመጣው ሥልጣኔ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አቤቱታዬ ጥቂት ነው።

አንደኛ፣ እንደሚያውቁት የሰፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ የሚሰበሰቡት በእኔ በልብስ ሰፊው ደጃፍ ነበር። እየሰፋሁ እንቆቅልሽ እጠይቃቸዋለሁ፤ መልሱ ሲጠፋቸው እንደ ወጉ አገር ይሰጡኛል። በዚህ መንገድ ጋሸናን፣ ብልባላንና ኩልመስክን አስገብሬ ስገዛ ኖሬአለሁ፤ ሕዝቡም ስለ አስተዳደሬ ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም። ዛሬ ልጆቹ አውሬ ሲለቅሙ እኔ መሬት የወደቀ ቁልፍ እለቅማለሁ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ ልጆቹን መሰብሰብ ያስለመድኩ እኔ፣ የገቡበት እርስዎ። ጅብ ያልኩት ለአባባሉ ያህል ነው።

ሁለተኛ፣ ቅናት ነው እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አዎ፣ ቅናት ነው። የገዛ ልጄ እየሩስ ቦርሳዋን ወርውራ "አባዬ፣ መጣሁ!" እያለች መንገዱን ስትሻገር የመርፌው ቀዳዳ ይጠፋብኛል። ሳቋን ከማዶ እሰማዋለሁ፤ ድሮ ያን ሳቅ የማስቃት እኔ ነበርኩ።

ሦስተኛው ከሁሉ የባሰው ነው። በፍልሰታ ልጆቹ ሲጾሙ አውሬዎቻቸውንም አስጾሙ። በጨዋታው ግን ሥጋ ያልበላ አውሬ ይደክማልና ሁሉም ተራ በተራ ተሸነፉ። ታዲያ ሥጋ ማብላት ያስገድፋል አያስገድፍም የሚል ክርክር ሲነሳ ለዳኝነት የሄዱት ወደ እርስዎ ነው! እርስዎም አውሬው ክርስትና ስላልተነሳ ይብላ ብለው ፈረዱ። ፍርዱ ትክክል ነው። እኔም ብጠየቅ ያንኑ ነበር የምለው፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው።

በመጨረሻ፣ ባለፈው እሑድ እየሩስ በገዛ እግሯ መጥታ አጠገቤ ስትቀመጥ ተመስገን አልኩ። እንቆቅልሽም ጠየቀችኝ፤ "ውኃ ውስጥ ይኖራል፣ እሳት ይተፋል፤ ማነው?" መብረቅ አልኩ። ሳቀችብኝና "አላወቅህም፣ አገር ስጠኝ!" አለች። ጋሸናን ሰጠኋት፤ አልፈልግም አለች። ብልባላንም ኩልመስክንም ናቀች። ቸግሮኝ ላሊበላን ሰጠኋት። ተቀብላ መልሱ የሆነውን የጨዋታውን አውሬ ስም ነገረችኝና ከነአገሬ ተሻግራ ወደ እርስዎ በረንዳ ሄደች። ስሙን እስካሁን መጥራት አልቻልኩም።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመሣሪያው የማያልቅ ባትሪ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳው፣

ደሳለ ልብስ ሰፊው፣
የቀድሞው የላሊበላ ባለቤት

ተጨማሪ ቃል፦ ያ እሳት ተፊ አውሬ በጨዋታው ውስጥ እጅግ ብርቅ እንደሆነ፣ እርስዎም ከልጆችዎ ጋር እየተሻሙ ቢሞክሩ ቢሞክሩ እንዳልያዙት እየሩስ አጫውታኛለች። እኔ መርፌ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጣቴ አይሳሳትም። ስለዚህ እንዲያጥር የሰጡኝን የእድር ስብሰባ ሱሪዎን ሊወስዱ ሲመጡ መሣሪያውን ይዘው ቢመጡ መልካም ነው፤ አለዚያ ስብሰባውን በጋቢ ይመራሉ። አውሬውን ከያዝኩት ልጄ ላሊበላን ባትመልስልኝም፣ አጠገቧ መቀመጫ አትነፍገኝም።