ፓምፑን የፈታሁበት ቃለ መጠይቅ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ይህን ወሬ በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ግን አንተን ሳዋራ ሳቄ ስለሚቀድመኝ መጻፉ ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ።

የታሸገ ውሃ ፋብሪካው ለጥገና ክፍል ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ አመልክቼ ነበር። ኃላፊዋ የውጭ አገር ሰው ስለሆኑ ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ነው። በስልክ ስታስጠናኝ የከረምከውን ሁሉ ይዤ ገባሁ፤ «ፖይንት አውት» ነጥሎ ማሳየት፣ «ስፒክ አፕ» ድምፅን ከፍ አድርጎ መናገር፣ «ጌት አክሮስ» ሐሳብን ሰው ልብ ማድረስ። ሁለት ሚጢጢ ቃላት ሲጋጠሙ ከሁለቱም የማይገኝ ትርጉም ይወልዳሉ ስትለኝ፣ እንደ ባልና ሚስት በላቸዋ እያልኩ አስቅህ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ፓምፕ ተቀምጧል። ኃላፊዋ ውሃ የሚስበው እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። ፈርቼ ስለነበር የማውቀውን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። እጃቸውን ቀስ አድርገው አነሱና «ብሬክ ኢት ዳውን» አሉኝ።

ይህቺን አላስጠናኸኝም። እኔ «ብሬክ ዳውን» ሲባል የሰማሁት መኪና ሲበላሽ ነው። አፍርሺው ማለታቸው ነው ብዬ ከቦርሳዬ መፍቻ አወጣሁና ፓምፑን መፍታት ጀመርኩ።

አጠገባቸው የተቀመጠ አንድ መሐንዲስ ሊያስቆመኝ ሊነሳ ሲል በዓይናቸው አስቀመጡት። እጄ ሥራ ሲያገኝ ፍርሃቱ ለቀቀኝ። አንዱን ፈትቼ ሳስቀምጥ ስሙንና ሥራውን በእንግሊዝኛ እናገራለሁ፤ ይህ ያሽከረክራል፣ ይህ ውሃውን ይገፋል፣ ይህቺ ጎማ ከደረቀች ፓምፑ ያፈሳል። ልክ አባባ ወርክሾፑ ውስጥ እንዳስተማረኝ። ስጨርስ ሴትየዋ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ለካ ከፋፍለሽ አስረጂን ማለታቸው ኖሯል! ቀጠሩኝ።

ቤት ገብቼ ስተርከው እማማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አባባ አልሳቀም። የእሱን ሙያ ትተህ ቋንቋ ላስተምር ብለህ ከተኳረፋችሁ ወዲህ ስምህን አንስቶ አያውቅም። ያን ቀን ግን፣

«መፍታቱን ከኔ ተማርሽ። ንግግሩንስ?» አለኝ።

«ከወንድም ጋሼ።»

ጣቶቹ ላይ ያለውን ግራሶ በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ «ጻፊለት። ይምጣ በይው» አለ።

ናፍቀኸዋል ብዬ ልጻፍለት ወይ ስለው፣ «ምንም አትጨምሪበት» አለኝ። «እሱ ቋንቋ ያውቃል፤ ይገባዋል።»

እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ጠዋት ክፍልህ ውስጥ ኮሽታ ሰምቼ ብገባ፣ አባባ ወንበር ላይ ቆሞ አልዘጋ ያለውን መስኮትህን ሲያስተካክል አገኘሁት።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ