ለቅሶ ቤት የተበላ ስለማይጻፍበት የጤና ደብተር

ለክቡር ዶክተር ዛኪሮቭ፣ የአኗኗርና የስኳር ሕመም ጥናት ክፍል ኃላፊ፤
ፈርጋና ሸለቆ

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ለእርስዎም፣ ለሠራተኞችዎም፣ ለቅጾችዎም የተሟላ ጤና ይስጥልኝ።

ከምስጋናዬ በፊት ሁለት ዓመት የደበቅሁትን ጥፋቴን ልናገር። የባለቤቴ የሳባክሆን ዓይን ስለደከመ የምግብ ደብተሯን የምሞላላት እኔ ነበርኩ፤ የሞላሁትም ውሸት ነው። እሷ ላት የፈሰሰበት የፕሎቭ ሩዝ በልታ ስትመለስ፣ እኔ በጥሩ እጅ ጽሕፈት «የተቀቀለ ዱባ፤ አርባ ደቂቃ የእግር ጉዞ» ብዬ እጽፍ ነበር።

፩. ቅጽዎ «ዛሬ ቤትዎ ምን በሉ?» ብሎ ብቻ ስለሚጠይቅ እጅግ አመሰግናለሁ። በሰፈራችን ሰርግ፣ ግርዛት ወይም የሙት መታሰቢያ የሌለበት ሳምንት እንደማይገኝ፣ የቀረበለትን ሳይቀምስ የሚነሳም ቤቱን እንደናቀ እንደሚቆጠር፣ እርስዎም እዚሁ ተወልደው ያውቁታል። ሳባክሆን ደግሞ «ለሙት ነፍስ የተበላ ማንንም አይጎዳም፤ አንተ ሰውዬ፣ እሱንም ልትጽፈው ነው?» ትለኝ ነበር። ቅጽ ሰብሳቢዋን ብጠይቃት «መስመር የለውም አባባ፣ የቤቱን ብቻ ይጻፉ» አለችኝ። ሁለቱም ስላሳረፉኝ ደስ አለኝ፤ ይህን አልክድም።

፪. ደም የሚወሰድበትን ቀን ከሳምንት በፊት ስለሚያሳውቁን ትሕትናዎን አደንቃለሁ። ሳባክሆን ሁለት ቀን ጾማ ትቀርብ ነበር። ደሟም እንደ ደብተሯ አማረ። ካልሲዋን አውልቂ ያላት ሰው ስላልነበረ፣ የእግሯ ቁስል የማንንም ሥራ አላጓተተም።

፫. ውጤቷ ስላማረ መድኃኒቷን በግማሽ ቀንሰውላታል። በአራተኛው ወር ቀበርኳት። ሞቷን «ከጥናቱ ጋር ያልተያያዘ» ብለው ስለመዘገቡልን ቤተሰቡ ከነሐዘኑ ያመሰግናል። ሁሉንም በእርስዎ ላይ አልጭንም፤ ሰላት ላይ ግንባሬን መሬት ሳስነካ የማስበው ብዕር የያዘውን እጄን ነው። ይቅርታ ልለምን እጀምራለሁ፣ መሐል ላይ ይጠፋብኛል፣ ተነስቼ ግቢውን እዞራለሁ።

አሁን ግን ባለፈው ሳምንት የላኩት ደብዳቤ ደረሰኝ። ጥናቱ ተሳክቷል፣ የሳባክሆን ደብተርም ለሌሎች አርአያ ይሆናል፣ ከመጪው ወር ጀምሮ በሰፈራችን ያሉ የሠላሳ ሕሙማን መድኃኒት በግማሽ ይቀንሳል ይላል። ሠላሳ ሰው፣ ክቡር ዶክተር። ሁሉም በየሳምንቱ አንድ ትሪ ዙሪያ አብረውኝ የሚቀመጡ ናቸው። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ደብተሩ ውሸት ነው ብል፣ ጸሐፊዎ በሦስተኛው ጊዜ «ጥናቱ ተዘግቷል አባባ፣ ለሟቿ ዱዓ ያድርጉላት» አለኝ። ምክሩ መልካም ነው፤ አደርግላታለሁ።

የጊዜዎን ክቡርነት ሳልዘነጋ፣ ለቅጾችዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣
የአርአያው ደብተር ጸሐፊ፣
ቱርጉንቦይ

ማስታወሻ፦ ትናንት ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሰው ሳይበተን ተነሥቼ የዋሸሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ከዚያ ከሠላሳው አንዱ፣ ስለ ጥናቱ ባወጣችሁት መጽሔት ሽፋን ላይ ፈገግ ያለው ሐምሮኩል ጉሮሮውን ጠርጎ «ዱባ የሚባል ነገር እኔም ከቀመስኩ ቆየሁ» አለ፤ ሰው ሳቀ፣ ሳቁም ቶሎ በረደ። ከሠላሳው ደብተር አሥራ ዘጠኙ ውሸት እንደሆነ፣ የራሳቸውን ወይም የሚስታቸውን የሞሉት ሰዎች አመኑ። መድኃኒታቸው እንዳይነካ የሚጠይቀውን ወረቀት እዚያው ምንጣፉ ላይ ጻፍኩት፤ ዛሬ ጠዋትም ለእርስዎና ከእርስዎ በላይ ላሉት በእጄ አስረክቤ የመቀበያ ማኅተም አስመታሁ። የመጀመሪያው ፊርማ የእኔ ነው።