ከበሩ በላይ ያለችው ድንጋይ

ይድረስ ለልጄ ለደምሴ፣ ጣርማ በር፣ ከጣሊያን መንገድ ሥራ።

እንዴት ከርመሃል? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ወገቤም ፊደሌም ቢንጋደድ ደህና ነኝ።

አዲሱ ቤታችን ሸዋ ሮቢት ላይ ወደር የለውም። ፊቱን ከወንዙ ባወጣሁት ጥቁር ድንጋይ አለበስኩት፤ እያንዳንዱን ራሴ መርጬ፣ ራሴ ጠርቤ። ከጣሪያው ሥር ለሚዞረው ጌጥ ግንበኛው ሷሊሕ፣ «ጋሼ ወልደየስ፣ እንደ ጣሊያኖቹ በስሚንቶ ልሥራልዎት» አለኝ። «ቤታቸው መስሏቸው እንዲገቡበት ነው?» ስለው በሳቅ ፈረሰ። ጌጡንም በድንጋይ አወጣነው። የአሊዩ አምባ ነጋዴዎች ግመላቸውን አቁመው ያዩታል።

ከበሩ በላይ የምትገባው የመጨረሻዋ ድንጋይ ግን ገና አልገባችም። እሷን የሚያኖር የበኩር ልጅ ነው፤ በአያትህም ቤት እንዲሁ ነበር። ዝናቡ በክፍተቱ ይገባል። ሷሊሕ «እስኪመጣ በጭቃ ልድፈነው» ቢለኝ መሰላሉን ደበቅኩበት።

ከጣርማ በር የወረዱ ሰዎች፣ ቋጥኝ ሠራተኛ ላይ ተናደ አሉ። የማንንም ስም አልጠየቅኳቸውም። አንተን የድንጋይን ጠባይ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።

ለመጻፍ ባይመችህ ይህን ላመጣልህ ሰው አንድ ቃል ንገረው፤ ድምፅህን ሰምቶ ይመለስ። የእናትህ አምላክ ከራስህ አይለይ።

አባትህ ወልደየስ።