ስለ ደርበው ቀኝ እጅና ስላለፈው ፈተና

ለክቡር የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ማኅተም የሚያነሳው እጅዎ ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ዕድሜዬ ከሃምሳ ያለፈ፣ እንደ እርስዎ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የወጣሁ፣ ላሊበላ የምኖር መምህር ነኝ። በጋዜጣ የምጽፍልዎ በመጨረሻ በፖስታ የላክኋቸው ደብዳቤዎች መልስ ስላጡ ነው።

ጉዳዩ የእህቴ ልጅ የደርበው፣ የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪዎ፣ ጉዳይ ነው። ጥር ላይ የመንፈቁ ማጠቃለያ ፈተና ሊጀመር ሲል፣ ታላቅ ወንድሙ ምንይችል ብልባላ አጠገብ በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ጎረቤቱን አለሜን አናቱን በፋስ ፈልጦ ገደለው። ገዳዩ እጁን ለፖሊስ ሰጥቶ ወህኒ ወረደ። በሕጉ ነገሩ እዚያ ያበቃል። በእኛ አገር ግን ደም መላሽ የታሰረውን ትቶ፣ ቢሞት ቤቱን ይበልጥ የሚያጎድለውን ሰው ይመርጣል፤ ከእህቴ ቤት የተመረጠው ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅ ነው። የሟች ወንድም ገብረ ዮሐንስ ጋቢውን ተከናንቦ በግቢያችሁ በር ሲመላለስ ስለታየ፣ ደርበው ዘመድ ቤት ተደበቀ። ፈተናው አለፈው። ማካካሻ ፈተና እንዲሰጠው ሲያመለክት ለተደረገለት መስተንግዶ ምስጋናዬ እነሆ፦

አንደኛ፣ የሐዘን ፈቃድ የሚሰጠው ዘመድ ለሞተበት መሆኑን በትዕግሥት ስላስረዳችሁት አመሰግናለሁ። ሠራተኛዎ «ሟች ምንህ ነው?» ብለው ጠይቀውት «ደመኛዬ» ቢላቸው፣ «ታዲያ ደስ አይልህም?» በማለት ከልብ አጽናንተውታል።

ሁለተኛ፣ መታደን በሽታ አለመሆኑንም ከእናንተ ተምረናል። የሆስፒታል ወረቀት የሚጻፈው ለቆሰለ ሰው ነው፤ የሚያሳድደው ሰው ገና ያልደረሰበት ተማሪ እንደ ደንባችሁ ፍጹም ጤነኛ ነው።

ሦስተኛ፣ ችግሩን የሚገልጽ ማስረጃ ከትውልድ ቀበሌው ከብልባላ፣ ራሱ ቀርቦ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲያመጣ አዘዛችሁ። በዚያን ጊዜ ቄስ ወልደ ሩፋኤልና ደም አድራቂ ሽማግሌዎች በሟች ወገን እግር ላይ ወድቀው፣ እስከ አርባ ቀን ተዝካሩ ድረስ ማንም ጦር እንዳያነሳ ቃል ተቀብለው ነበር። ቃሉ የታሰረው በአንድ ነገር ነው፤ እስከዚያ ድረስ ከገዳይ ቤት ወንድ የሆነ ሁሉ ብልባላን እንዳይረግጥ። ከረገጠ በደሙ ላይ እንደፎከረ ይቆጠራል። ይህን ዘርዝሬ ጽፌ፣ ወይ ተዝካሩ እስኪያልፍ ታገሱን፣ ወይ ወረቀቱን ከእኔ እጅ ተቀበሉ ብዬ ለመንኩ። «ባለጉዳዩ ራሱ» የሚል መልስ መጣልኝ።

ባለጉዳዩ ራሱ ሄደ። እኔ አትሂድ ብለው «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ተምሬ በአንድ ወረቀት ልባረር?» አለኝ። ማኅተሙን አስመትቶ ከቀበሌው ቢሮ ሲወጣ፣ ገብረ ዮሐንስ በገበያው መካከል ደረሰበት። ልጁ አናቱን ሊሸፍን ቀኝ እጁን አነሳ፤ የመጀመሪያው የፋስ ምት ከአንጓው ቆርጦ ጣለው፤ ሁለተኛው ትከሻውን ሰንጥቆ አጥንት ላይ ተሰካ። ሦስተኛውን ያስቀሩት ገበያተኞች ናቸው። ወረቀቱን በግራ እጁ እንደጨበጠ ነበር። ማኅተሙ በደም ስለተበላሸ እንደማይነበብ በደብዳቤ አሳውቃችሁናል፤ መልሳችሁ በዚህ ጊዜ ፈጣን ስለነበር አመሰግናለሁ።

አራተኛ፣ በመጨረሻ የፈለጋችሁትን የሆስፒታል ማስረጃ ብንልክ፣ ቁስሉ ከፈተናው ዕለት በኋላ የደረሰ በመሆኑ ፈተናውን ላለመውሰድ ምክንያት እንደማይሆን ገለጻችሁ። ልክ ናችሁ። ገብረ ዮሐንስ የትምህርት ካሌንደራችሁን አለማየቱ ትልቅ ጥፋት ነው። ለወደፊቱ ለየቀበሌው አስቀድማችሁ ብትልኩልን፣ ደም መላሾቻችን ከፈተናው በፊት እንዲቆርጡ እናሳስባለን።

ክቡር ሆይ፣ የምጠይቅዎ ምሕረት አይደለም። ልጁ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ በግራ እጁ መጻፍ ተምሯል። ያመለጠውን ፈተና በሐምሌ፣ በጥቂት ተጨማሪ ሰዓት ይፈተን። ቢወድቅ ይውደቅ። ሳይፈተን ዜሮ ሰጥታችሁ ካባረራችሁት ግን፣ ያቺ ያልተመታችው ሦስተኛዋ ምት የእርስዎ ትሆናለች። ይህን የምለው በጨዋ ቋንቋ ነው፤ ጨዋ ያልሆነው ቋንቋዬ ለጋዜጣ አይመችም።

ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፣ ልጆችዎም ሁሉ በሁለት እጃቸው እንዲመረቁልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

ኢያቄም ጋሻዬ
ላሊበላ፣ ግንቦት 1995 ዓ.ም.

ብዕሬን ካስቀመጥኩ በኋላ የታወሰኝ፦ ገብረ ዮሐንስ ወህኒ ከወረደ ወዲህ በሁለቱም ወገን ደሙ ደርቋል። ቄሱ መስቀል ይዘው ሲቆሙ፣ እኛ ድንጋይ ተሸክመን ስንንበረከክ፣ አንድ ልጃቸው የተገደለባቸው፣ አንዱ የታሰረባቸው የአለሜ እናት ወይዘሮ አሰለች ተነስተው የደርበውን ጉንድሽ እጅ ስመው «ይብቃ» አሉ። ቆየት ብለው ትምህርት ቤቱ መልሶ ተቀብሎት እንደሆነ ጠየቁኝ። እምቢ ብለዋል አልኳቸው። ግራ ገብቷቸው አዩኝ። የጠየቁኝን እንዳለ ለእርስዎ አስተላልፋለሁ፦ «ከነሱ ወገን ደሞ ማን ሞቶባቸው ነው?»